ብርድ ልብስ ያልለበሰው መስታወት

ጉድፈላ የሚሉት መስታወት ገጣሚ በዚያ ጠዋት ደረጃው ሥር ቆሞ ሽቅብ ሲያይ እግሩን ማንሳት ፈራ። ደረጃ ፈርቶ እንዳይመስላችሁ፤ ዕድሜውን የፈጀው መስታወት ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ ነው። የፈራው የገዛ ጆሮውን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ቀን ከአልጋው ሲነሳ ጣሪያው አብሮት ተነሳ። ከዚያ ጣሪያና ወለሉ ቦታ ሊቀያየሩ ግብግብ ገጠሙ። ግድግዳውን ሙጭጭ አድርጎ ይዞ "ቤቱ እየዞረ ነው!" ብሎ ቢጮህ፣ ሚስቱ "ሲዞር በገበያው በኩል ካለፈ ሽንኩርት ያዝልኝ" አለችው። ማን ይመነው? ይህ ሰው እኮ አንዴ ያጸዳሁት መስኮት ከመጥራቱ የተነሳ ጨረቃ ሰተት ብላ ገብታ ሶፋ ላይ አደረች ብሎ ያወራ ሰው ነው።

ሐኪሙ ግን አመነው። ጭንቅላቱን ወዲህና ወዲያ ካዞረለት በኋላ የሰውን ሚዛን የሚጠብቀው ጆሮ ውስጥ ያለ ነገር መሆኑን፣ የእሱ ትንሽ መናጋቱን፣ ጭንቀት ሲጨመርበት ደግሞ እንደሚብስ ነገረው። "ለስለስ ያለ የሚዛን እንቅስቃሴ ሥራ። እስኪሻልህ ግን ደረጃ ላይ ከባድ ነገር እንዳትይዝ። ጭንቅላትህንም ድንገት እንዳታዞር።"

ጉድፈላ ለሚስቱ "እንደኔ ያለ ጆሮ አይተው አያውቁም፣ ሙዚየም ሊያስገቡት ነበር" አላት። ለአማቹ ግን ትንፍሽ አላለም።

አማቹ ማለት የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ትከሻው እንደ ቁም ሣጥን የሰፋ፣ ከአፉ ቃል በመከራ የሚወጣ በመሆኑ ድፍኑ ይሉታል። መስታወት ሲሸከሙ ከላይ የሚይዘው ጉድፈላ፣ ከታች ድፍኑ ነው። የላዩ ሰው የኋሊት እየወጣ "ውጣ" ሲል ይወጣሉ፤ "ያዝ" ሲል ይቆማሉ። የታችኛው ጉንጩን መስታወቱ ጎን ላይ ለጥፎ ከእግሩ ሥር በቀር የሚያየው ነገር የለም። የላዩን አፍ አምኖ ይራመዳል፤ በቃ። የላዩ ሰው ቢለቅ ያ ሁሉ መስታወት የሚወርደው የታችኛው አንገት ላይ ነው።

ይህን ጉድፈላ ጠፍቶት አይደለም። ግን ቢናገር ምን እንደሚመጣ ያውቃል። ሱቃቸው ጓዳ ውስጥ የመቁረጫ ጠረጴዛ አለች፤ እዚያ የሚሠራ ሰው ጀርባውን ለመንገድ ሰጥቶ ከጠዋት እስከ ማታ ከራሱ ጋር ይቀመጣል። ወሬውን የሚሰማለት የለም፤ የሚስቅለት የለም። ለጉድፈላ ይህ በቁም መቀበር ነው። ስለዚህ በድብቅ ድኖ፣ በድብቅ እንዳልታመመ ሊሆን አሰበ። ሄዶም ወደ እትዬ ቀስታ ተጠጋ።

እትዬ ቀስታ የሚስቱና የድፍኑ አክስት ናት። ጡረታ የወጣች የስፖርት አስተማሪ ስትሆን፣ አንድ ፎቅ ላይ ባለ አዳራሽ ጠዋት ጠዋት አዛውንቶችን ታንቀሳቅሳለች። "ቀስ" ሳትል ዓረፍተ ነገር ስለማትጨርስ ስሙ እዚያው ተለጠፈባት። ሁሉም ከየወንበሩ ጀርባ ይቆማል። አንድ ጣት ብቻ ወንበሩ ላይ ይቀራል። ጉልበት ይላላል፣ ዐይን አንድ ነገር ላይ ያርፋል፣ የሰውነት ክብደት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው፣ ውሃ ከማሰሮ ወደ ማሰሮ እንደሚገለበጥ፣ ሳይንጠባጠብ ይተላለፋል። ትንፋሽ ሲወጣ ከገባበት ይረዝማል።

"ይሄማ ቀንድ አውጣ የሚሠራው ስፖርት ነው" ብሎ ሳቀ ጉድፈላ የመጀመሪያ ቀን። ከዚያ አንድ እግሩን አነሳና ጎኑ የቆሙት ጡረተኛ ሹፌር ላይ ተዘረጋ።

"ፍሬን የለህም እንዴ አንተ ሰው?" አሉት ሹፌሩ።

ከዚያ በኋላ አልሳቀም። እየተመላለሰ ሠራው። ማዞሩ እየራቀ፣ ደረቱ ላይ የተጋደመው ጭንቀትም እየቀለለ ሄደ። ግን አልጠፋም።

እንግዲህ እትዬ ቀስታ ተማሪዎቿ አቋቋማቸውን የሚያዩበት ትልቅ የግድግዳ መስታወት አማራት። ከማን ታዛለች? ከወንድሟ ልጅ ሱቅ ነዋ። የማምጫው ዋዜማ ጉድፈላን አዳራሹ በር ላይ ያዘችው።

"ለድፍኑ ሕመምህን ሳትነግረው መስታወቴን እንዳትነካ።"

"ነግሬዋለሁ እኮ እትዬ።"

"ማልልኝ።"

"ካልነገርኩት መስታወት ይሰበርብኝ!"

እሷም ዐይን ዐይኑን አይታ ተወችው። እሱ ግን ምን ብሎ እንደማለ የገባው ቤቱ ሲደርስ ነው። መስታወት ገጣሚ እንዲህ ብሎ ይምላል?

በማግስቱ ጠዋት ደረጃው ሥር ቆመው ሳለ ነው እንግዲህ እግሩን ማንሳት የፈራው። መንገር ነበረበት። "ድፍኔ..." ብሎም ጀምሮ ነበር። ድፍኑ ቀና ብሎ ሲያየው፣ ያቺ የጓዳ ጠረጴዛ ፊቱ ድቅን አለችበት።

"ምን?"

"ጓንትህን አጥብቅ ልልህ ነው።"

ይህ ሳያንስ ሌላ ጥፋት ጨመረ። መስታወት ደረጃ ሲወጣ ብርድ ልብስ ይለብሳል። ያልለበሰ መስታወት ደረጃውን፣ ድጋፉን፣ ሰዉን ሁሉ ደርቦ እያወዛወዘ ያሳያል፤ ጤነኛ ሰው እንኳ ይደናገረዋል። ጉድፈላ ግን ላይ የደረጃው ድጋፍ ላይ ተደርድረው የሚጠብቁትን የእትዬ ቀስታን ሴት ተማሪዎች አየና አመሉ ተነሳበት። ጀርባውን ሰጥቷቸው እየወጣ በመስታወቱ ውስጥ ምላሱን ሊያወጣላቸው ፈለገ። ብርድ ልብሱን ገፎ ጣለው።

"ተው ጋሼ" አለ ድፍኑ።

"ሙሽራ ተሸፋፍና ትገባለች እንዴ? ውጣ!"

ወጡ። መስታወቱ በጠርዙ ቆሞ፣ ፊቱ ወደ ድጋፉ ዞሮ፣ ዳገቱን ተያያዘው። ጉድፈላ ጉንጩን ነፋ፣ ዐይኑን አንሸዋረረ። ሴቶቹ ከላይ ተንከተከቱ። ሹፌሩ "ይሄ ሰው ዛሬም ፍሬን የለውም!" ሲሉ ተሰማ። እትዬ ቀስታ ብቻ አልሳቀችም።

"ነግረኸዋል አይደል?" አለች ቁልቁል።

መልስ ሊሰጣት ጭንቅላቱን ዞር አደረገ። ድንገት።

ደረጃው ተነሳ። መስታወቱ ውስጥ ያለው ደረጃ ወደ ቀኝ፣ እውነተኛው ወደ ግራ ሄደ፤ ሴቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው ማጠቢያ ማሽን ውስጥ እንዳለ ልብስ ተሽከረከሩ። ተረከዙ የሚረግጠው ጠፋው። ጓንቱ ውስጥ እጁ በላብ ራሰ፤ መስታወቱም ከመዳፉ የጥፍር ያህል ሸርተት አለ።

"ያዝ!"

ድፍኑ ቆመ።

"እየዞረብኝ ነው። ደረጃው እየዞረ ነው።"

ከታች አጭር ሳቅ መጣ። "ባለፈው እባብ ነበር። ከዚያ በፊት የንብ መንጋ።"

"እውነቴን ነው!"

"መቼ ውሸትህን ሆኖ ያውቃል? ከብዶኛል ጋሼ፣ ቀልዱን እላይ። ውጣ!"

ብሎም ከታች ገፋ። ይህ ነው እንግዲህ ጉዱ። ሳቅ ሸክም ያቀላል እያለ ዘመኑን ሙሉ ደረጃ ላይ የቀለደበት ሰውዬ፣ ዛሬ የምሩን ቢጮህ ቀልድ ሆነበት። ድፍኑ እንደገና ገፋ። ጉድፈላ አንድ ደረጃ በዳበሳ ወጣ። ሁለተኛውን ሊወጣ ሲል እግሩ አየር ረገጠ፤ ጉልበቱን ድጋፉ ላይ አስደግፎ በመከራ ተረፈ። አንድ ግፊት ቢጨመር እጁ ይለቃል። ከታች የድፍኑ አንገት ይታየዋል፤ ጎንበስ ያለ፣ ምንም የማያውቅ፣ ላብ ያረፈበት ወፍራም አንገት።

እውነት ድፍኑን አላቆመውም። ምን ያቆመዋል?

ያኔ ትዝ አለው። ድፍኑ ወሬ እየሰማ መራመድ አይችልም። ማዕድ ላይ ጉድፈላ ወሬ ከጀመረ የድፍኑ ጉርሻ ከአፉ በስንዝር ርቀት አየር ላይ ይቀራል። እህቱ ሁሌ ትስቅበታለች።

"አያቴን ነፋስ ያነሳው ቀን" አለ ጉድፈላ፤ "ነግሬህ... አላውቅም... አይደል?"

ግፊቱ ቆመ።

"የቱ አያትህ?"

"መስታወት ገጣሚው።" ዐይኑን ከመስታወቱ ነቅሎ ግድግዳው ላይ የበቀለች አንዲት የዛገች ምስማር ላይ ተከለ። ጉልበቱን አላላ። "ትልቅ መስታወት... ተሸክሞ... ጣሪያ ላይ ሲወጣ..." እያንዳንዱን ቃል በረጅም ትንፋሽ አወጣው። ክብደቱን ከቀኝ እግሩ ወደ ግራው ቀስ አድርጎ ገለበጠ፤ ከግራ ወደ ቀኝ መለሰ። "ነፋስ መጣና... መስታወቱን እንደ ሸራ... ነፋው። አያቴ አለቅም አለ። ሁለቱም... ተነሱ።"

"እሺ?"

"ከከተማው በላይ... አለፉ። ወፎቹ መስታወቱ ውስጥ ራሳቸውን እያዩ... ላባቸውን ያስተካክሉ ጀመር።"

ምስማሯ አንዴ ሁለት ትሆናለች፣ አንዴ ትገጥማለች። ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠባል። ላይ ሳቁ ቆሟል። እትዬ ቀስታ ሹራቧን እያወለቀች ወረደች፤ አልሮጠችም፣ አልጮኸችም። ሹራቡን በመስታወቱ ፊት ላይ አለበሰችው። ከዚያ ከጉድፈላ ጀርባ ቆማ አንድ ጣቷን ወገቡ ላይ አሳረፈች፤ ልክ እንደ ወንበሩ።

"ቀስ" አለችው በጆሮው። "አውራ፣ አታቁም።"

አወራ። አያቱ ደመና ላይ ምሳ እስኪበላ ድረስ አወራ። በመጨረሻ ምስማሯ አንድ ሆና ቀረች።

"ውጣ" አለ በቀጭን ድምፅ።

መስታወቱ ወጣ። አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተደገፈ። ጉድፈላ ያገኘው ወንበር ላይ ዘፍ አለ። ፊቱ ኖራ መስሏል። ድፍኑ ጓንቱን እያወለቀ "እንዴት ወረደ ታዲያ አያትህ?" ሲል ነው እትዬ ቀስታ የገባችበት።

"ጆሮውን እንዳመመው፣ ደረጃ እንደተከለከለ ነግሮሃል አይደል?"

ድፍኑ አክስቱን አየ። ወንበሩ ላይ ያለውን ሰው አየ። ሹራብ የለበሰውን መስታወት አየ።

"ከመስታወቱ ሥር እኮ እኔ ነበርኩ" አለ ድፍኑ።

ጉድፈላ ከወንበሩ ቀና አለ።

"አዎ" አለ።

ዕድሜ ልኩን እንዲህ አጭር ነገር ተናግሮ አያውቅም። ድፍኑ ጓንቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ።

"ከላይ የሚይዝ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።"

"ልክ ነህ። እኔ ጠረጴዛዋ ጋ..."

"ጨርሼ አልነገርኩህም። አንተ ፊት ፊት እየወጣህ 'ውጣ፣ ያዝ' ትላለህ። እጅህን ኪስህ ትከታለህ። ደረጃ ላይ ቀልድ የለም።"

"እስኪሻለኝ ነው?"

"እትዬ ተሽሎታል እስኪሉ። አንተ አልክ ብዬማ አላምንም።"

"ወንበር ያዙ!" አለች እትዬ ቀስታ ሹራቧን ከመስታወቱ ላይ አንስታ፤ ለሁሉም። "አንተም ያዝ፣ ድፍኑ። ገርጥተሃል።" ድፍኑም ከአንድ ወንበር ጀርባ ሄዶ ያን የሚያህል ጣቱን አሳረፈ። መስታወቱ ውስጥ ሁለቱ አማቾች ጎን ለጎን ክብደታቸውን ከእግር ወደ እግር ሲገለብጡ ታዩ። ምላሱን ያወጣ ግን አልነበረም።

ሲያበቁ ወደ ደረጃው ሄዱ። ጉድፈላ ቁልቁል አየና ቆመ። ድጋፉን ጨበጠ። ያኔ ከኋላው ወፍራም እጅ መጣና ቀበቶውን ጭብጥ አደረገው።

"ቀስ" አለ ድፍኑ። ወረዱ። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ ብቻ "አያትህስ? ከዚያ ሁሉ ከፍታ እንዴት ወረደ?" ብሎ ጠየቀ።

ጉድፈላ ምስማሯን አየት አድርጎ አለፈ።

"እንዲሁ ነው የወረደው" አለ። "ከኋላው አንድ ሰው ቀበቶውን ይዞት ነበር።"