ከእራት በኋላ የጠፋችው ጨረቃ

እናቴ መቀሷን ማንም እንዲነካባት አትፈቅድም። ስፌት ቤታችን ውስጥ እኔ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ጠርዝ እዘመዝማለሁ፣ ገበር እገጥማለሁ፤ ጨርቅ መቁረጥ ግን የእሷ ብቻ ነው። አንዴ ክር ልበጥስበት ብዬ ባነሳው ቀኑን ሙሉ አኩርፋኛለች። ስለዚህ አንድ ጠዋት የደንበኛችንን የጠበቃውን የካፖርት ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ መቀሱን እጄ ላይ አስቀምጣ፣ ከእንግዲህ አንቺ ቁረጪ ስትለኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ሰሞኑን በአዲሱ የስፌት መኪና ጉዳይ ተነጫንጨን ስለነበር ነገር የፈለገችኝ መሰለኝ። መቀሱን መሳቢያ ውስጥ ወርውሬ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ንዴቴ ግን አልቆየም። እናቴ ጠረጴዛው አጠገብ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣለች፤ እጇን አጣጥፋ የተቀመጠችበትን ቀን ደግሞ አላስታውስም። ጨቀጨቅኳት። በመጨረሻ አንገቷን እንደደፋች ተናገረች። ዓይኗ ተመልሶ እየጠፋ ነው።

ያኔ የቀኝ ዓይኗ ሞራ ከተገፈፈ ሳምንት አልሞላውም ነበር። ግራው ገና ተራውን እየጠበቀ ስለነበር ከጭጋግ በቀር አያሳያትም። ፋሻው የተፈታ ዕለት ነርሷ መክራታለች፦ ማታ ማታ አንድ ሩቅ ነገር መርጠው በታከመው ዓይን ይመልከቱ፣ ከደበዘዘብዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ ብላት ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን የመንገድ መብራት ወይም የሱቅ ማስታወቂያ ይመርጥ ነበር። እናቴ ግን ነገር በግማሽ አታውቅም። የዚያን ዕለት ከእራት በኋላ መስኮት ስትከፍት፣ ፊት ለፊታችን ካለው ወፍጮ ቤት ጣራ በላይ ሙሉ ጨረቃ ቁጭ ብላለች። ከዚህ የራቀ ምን አለ ብላ እሷን መረጠች።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መስኮት ስታይ ጨረቃዋ ከጣራው ጫፍ ላይ ዳሯ ብቻ ቀልቶ ታያት። ከዚያ ወዲያ ባሉት ምሽቶች ጭራሽ የለችም። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ደመና የሚባል ነገር አልነበረም። ጨረቃ እያደር እንደምታንስ እናቴ መች አጣችው፤ ግን ሙሉ የነበረች ጨረቃ በሁለት በሦስት ቀን ተሟጣ ታልቃለች ብሎ የነገራት የለም። ስለዚህ ጥፋቱን ዓይኗ ላይ ጣለችው። የቅርቡ ይታየኛል፣ የሩቁ ግን እየሄደብኝ ነው ብላ ደመደመች። ለእኔ ትንፍሽ ሳትል መስኮቱን ዘግታ ትገባለች። በእነዚያ ምሽቶች እራት ላይ ፊቴ ላይ አፍጥጣ ትቀር ነበር፤ ምን ነካኝ፣ ጥላሸት ተቀብቻለሁ እንዴ ብዬ ተቆጥቻታለሁ።

ስትነግረኝ ልቤ ስንጥቅ አለ። ብቻዋን ያሳደገችኝ በዚያ መቀስ ነው። ጨርቅ መቁረጥ ካቆመች ምን እንደምትሆን ማሰብ ፈራሁ። የዚያኑ ዕለት ማታ ከጎኗ ቆሜ በመስኮቱ አየሁ። ጨረቃ የለችም። እፎይ አልኩ።

«እማዬ፣ እኔም አልታየችኝም» አልኳት።

«ልታጽናኚኝ ነው» አለችኝ።

ብምል ብገዘት አላመነችኝም። ጨረቃዋ የት እንደሄደች ብነግራት ታምነኝ ነበር፤ ግን እኔም አላውቀውም። ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፣ ለፈተና ሸምድጄ ከፈተናው በኋላ ረስቼዋለሁ። ነገ ጠዋት ክሊኒክ እንሄዳለን፣ እምቢ ካልሽ ተሸክሜሽ እሄዳለሁ አልኳት።

ጠዋት ፀሐይዋ ጀርባችንን እያሞቀችን፣ ክንዷን ይዤ ጥቂት እንደሄድን ቀጥ ብላ ቆመች።

«ያ ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«ከውኃ ማጠራቀሚያው በላይ። ነጩ።»

አንጋጠጥኩ፤ ምንም የለም። ዓይኔን አጥብቤ እንደገና ስፈልግ፣ ብዙ ጊዜ እንደታጠበ ጨርቅ የገረጣች ጨረቃ ሰማያዊው ሰማይ ላይ አገኘሁ። እናቴ ግን እስከዚያ ቅርጿን ሁሉ አይታ ጨርሳለች። ከታች በኩል ጎድላለች፣ የቆረጣት ሰው እጁ ቀጥ ያለ አይደለም አለችኝ። እዚያው መንገድ ላይ ሳቅሁ፣ ሳቄም ወደ ለቅሶ ተለወጠብኝ። ሰው ያየኛል እንኳ አላልኩም።

ክሊኒኩ አልቀረልንም። ነርሷ ዓይኗን መርምራ እንደ መስታወት ነው አለቻት፤ የጨረቃዋን ነገር ስትሰማ ደግሞ ከመሳቢያዋ ጥጥ አውጥታ አድበልብላ፣ የመመርመሪያውን መብራት አበራች። መብራቱ ፀሐይ ነው፣ እርስዎ ምድር ነዎት፣ ጥጡ ጨረቃ ነው ብላ እናቴን በሚሽከረከረው ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ጥጡን ከራሷ ከፍ አድርጋ ይዛ ዞረቻት። መብራቱ የሚያበራው ሁልጊዜ የጥጡን አንድ ጎን ነው። ጥጡ ከመብራቱ በተቃራኒ ሲሆን ብርሃን ያረፈበት ፊቱ በሙሉ ታያት፤ ወደ ጎን ሲመጣ ግማሹ፣ ወደ መብራቱ ሲጠጋ ጨለማው ጀርባው ብቻ። ጨረቃን የሚቆርጣት የለም፤ የሚለዋወጠው እኛ የምናየው ጎን ነው።

«በዙሪያችን ስለምትሄድ በየቀኑ አንድ ሰዓት ገደማ እየዘገየች ነው የምትወጣው» አለች ነርሷ። «ከእራት በኋላ ያዩዋት ጨረቃ አሁን እርስዎ ተኝተው ነው የምትመጣው። ጠዋት ያገኟትም ገና ሳትጠልቅ ነው።»

እናቴ ጥጡን ተቀብላ አገላብጣ አየችው።

«አምሽታ ወጥታ ጠዋት የምትገባ ናት በይኛ» አለች።

ነርሷ እየሳቀች፣ ለዓይን መፈተኛ ከቦታው የማይነቃነቅ ነገር ይምረጡ ብላ ሸኘችን።

ስፌት ቤት እንደገባን እናቴ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ መቀሱን ከመሳቢያ አወጣች። እዚህ የወረወረው ማን ነው ብላ ተቆጣችኝ፤ ቁጣዋ ደስ አለኝ። የጠበቃውን ጨርቅ ዘረጋች፣ በጠመኔ አሰመረች፣ መቁረጥ ጀመረች። እኔም ቁልፍ እየተከልኩ የመቀሱን ድምፅ አዳምጣለሁ። እጅጌው ላይ ስትደርስ ቆም አለች።

«ከጨረቃዋ ቀጥሎ የምትጠፊብኝ አንቺ ትሆኛለሽ ብዬ ነበር» አለችኝ፣ ከጨርቁ ላይ ቀና ሳትል። «እራት ላይ የማይሽ ለዚያ ነው።»

ወንበሬን ስቤ ከፊት ለፊቷ፣ የመስኮቱ ብርሃን ፊቴ ላይ በሚያርፍበት በኩል ተቀመጥኩ።