ቆሌው ስኳር ይዞታል

ሀኪሙ ቁርጡን ተናግሯል፤ ስኳሩ ካልወረደ የእናቷ የቆሰለው የእግር አውራ ጣት ይቆረጣል። ራምፋይ ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል አልበላ ብሏታል። እናቷ ቡዋላይ ግን ምን ተዳቸው! በየማለዳው ቀዩን የእንጆሪ ለስላሳ ከፍተው፣ መምጠጫ ሰክተው፣ ግቢው ጥግ ባለችው ትንሽ ጎጆ ለቤቱ ቆሌ ያቀርባሉ። ሻማው ሲያልቅ ደግሞ አንስተው ራሳቸው ይጠጡታል። በነሱ አገር በኢሳን ለቆሌ የቀረበ አይደፋም፤ በረከት ነው።

«እማዬ፣ ስኳር እኮ ነው የምትጠጪው!»

«ሂጂ ወዲያ! ስኳሩንማ እሱ ወስዶታል። ለኔ የተረፈኝ ቀይ ውሃ ነው» ብለው ጭልጥ ያደርጉታል።

ራምፋይ የምትሠራው ቲማቲም ማሸጊያ ፋብሪካ ነው። አንድ ጠዋት አንድ ቆርቆሮ ቲማቲም ይዛ መጥታ ከለስላሳው ጎን ገተረችና የሁለቱንም ጽሑፍ ጮክ ብላ አነበበች። ለስላሳው ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ ስኳር አለው። ሌላስ? ቪታሚን የለው፣ አሰር የለው፣ ባዶ! ቲማቲሙ ግን ሁለት ማንኪያ የማትሞላ የራሱ ስኳር፣ ቪታሚን ሲ፣ ፖታሲየም፣ አሰርም አለው።

«ጨውስ?» አሉ ቡዋላይ ዓይናቸውን አጥብበው።

አልዋሹም፤ ጨው ነበረው። ይቺ ሴትዮ መቼ በዋዛ ትሸነፋለች! ራምፋይ በማግስቱ ጨው ያልገባበትን አመጣች።

«ደግ አደረግሽ። አንቺው ብዪው።»

ራምፋይ ደሟ ፈላ።

«እሺ! ስኳሩን የሚወስደው ቆሌው ነው አይደል?»

«እሱ ነው።»

«በየቀኑ ዘጠኝ ማንኪያ?»

«አዎ አልኩሽ እኮ!»

«ታዲያ እሱን ስኳር አይዘውም? አንቺን እንኳ ሀኪም አይቶሻል። የሱን እግር ማን አየለት? እየገደልሽው እኮ ነው እማዬ!»

ቡዋላይ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ጎጆዋን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ።

«ውይ! ውይ በሞትኩት! ዘንድሮ ዶሮዎቼን ውሻ የጨረሰብኝ ለካ እሱ መጠበቂያ አቅም አጥቶ ነው!»

እያነከሱ ሄደው ለስላሳዎቹን በሙሉ ለባለሱቁ መለሱ። ከዚያ ቲማቲሙን አስፈጭተው በብርጭቆ አቀረቡና ተንበረከኩ። «አያቴ፣ ይማሩኝ። ባይጥምዎትም ይጠጡልኝ፤ ለጤናዎ ነው።» ራምፋይ ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ነከሰች፤ የመጣባት ግን እንባ ነበር። ቆይቶ ቡዋላይ የተረፈውን ቀመሱ። «ኤጭ፣ ሲኮመጥጥ!» አሉና እስከ መጨረሻው ጠጡት።

በየቀኑ እንዲሁ ሆነ። ሀኪሙ የሰጣቸው ኪኒንም ያ ሁሉ ስኳር መጨመሩ ሲቀርለት ሥራውን ሠራ። የዝናቡ ወራት ሲያልፍ ሀኪም ቤት ሄዱ። ሀኪሙ የደም ምርመራውን ውጤት ደግሞ ደጋግሞ አየ፤ ጣታቸውን ጫን ጫን አደረገ።

«ቁስሉ ጠግጓል። አይቆረጥም።»

«እሰይ!» ብለው ብድግ አሉ ቡዋላይ። በክፍቱ በር ተራ ጠባቂው ሁሉ ዞሮ አያቸው። «ጣቴን ይዤ ልገባ ነው! ሰማችሁ?» ማን እንደጀመረው እንጃ፣ ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

በር ላይ የባለሦስት እግሩ ታክሲ፣ የቱክቱኩ ሾፌር ሲጠራቸው እንቢ አሉ። በእግራቸው ሊሄዱ ነው። ራምፋይ ከኋላቸው እየሮጠች «ቀስ በይ እንጂ እማዬ!» ብትል ማን ሰምቷት!

«አንቺ ፍጠኚ!» አሉ ሳይዞሩ። ራምፋይ መሀል መንገድ ላይ ጮቤ ረገጠች።