አረንጓዴዋ ቁልፍ

ፔጁ ላይ «ተመዝገብ» የምትለዋን ቁልፍ አረንጓዴ ያደረግኳት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ጋሼ ዋቁማ እንዲያውም ሰማያዊ ሆና ትቅር ብለው ነበር። እኔ ነኝ «አይ ጋሼ፣ ስትነካ አረንጓዴ ብትሆን ታምራለች» ብዬ ድርቅ ያልኩት።

ጋሼ ዋቁማ መቱ መናኸሪያ አጠገብ ፎቶ ኮፒና የኮምፒውተር ቤት አላቸው። አሥራ ሁለተኛ ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም፣ እዚያ ገባሁ። መጀመሪያ የሰው ማመልከቻ ነበር የምጽፈው፤ ከዚያ ከዩቲዩብም ከምንም እየለቃቀምኩ ዌብሳይት መሥራት ቻልኩ። ደስ ይላል እኮ! ኮዱን ትጽፊያለሽ፣ ሪፍሬሽ ትያለሽ፣ የጻፍሽው ቀለም ሆኖ ይወጣል።

መጋቢት ላይ አንድ ማኅበር መጣ። የልብ ሐኪሞች ግንቦት ላይ ለአምስት ቀን መቱ ይመጣሉ፣ የሚያዩት የተመዘገበ ሰው ብቻ ነው፣ ቀዶ ጥገና የሚያስፈልገውን መርጠው አዲስ አበባ ይወስዳሉ አሉ። መመዝገቢያ ፔጅ እንድንሠራላቸው ነበር የመጡት። እኔ ወዲያው ትዝ ያለችኝ ኢብሴ ናት።

ኢብሴ የኖፓ ልጅ ናት፣ ከመቱ ወጣ ያለ ገጠር ነው። ከዘጠነኛ ጀምሮ መቱ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን ተምረናል። ልጅ እያለች ቶንሲል እየተመላለሰባት ልቧን ጎዳው። የትምህርት ቤቱን ደረጃ ለመውጣት ሦስቴ ትቀመጥ ነበር። «ልቤ የድሮ አይሱዙ ነው፣ ዳገት ላይ ይግላል» ትላለች፣ ራሷ ትስቃለች። ፈተናው ሲያልቅ ቤተሰቧ ጋ ተመለሰች።

ስልክ የላትም። ስፈልጋት የምደውለው ለጋሼ መሀመድ ሰዒድ ነው፣ የኖፓ ባለሱቅ ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ የሚደወልለት በእሳቸው ስልክ ነው። «ቆይ ላስጠራልሽ» ይላሉ፣ ከዚያ ስትመጣ ከሩቅ ትንፋሿ ይሰማኛል።

«ኢቢ፣ እኔ በሠራሁት ፔጅ ነው የምትድኚው!»

«አንቺ በሠራሽው? በቃ ሞቻለሁ በይኛ።»

«ማሎ፣ በናትሽ አትቀልጂ! የጤና ጣቢያ ካርድሽን ቁጥር ይዘሽ ተመዝገቢ።»

ፔጁ በተከፈተ በሁለተኛው ቀን አንድ ሰው ስድስት ጊዜ ተመዘገበ። ማኅበሩ ተቆጣ። ጋሼ ዋቁማ «ሊቺ፣ መላ በይ» አሉኝ። እኔም መላ አልኩ። አንድ ስልክ ቁጥር አንድ ሰው ብቻ እንዲመዘግብ አደረግኩ። ቁጥሩ ከተደገመ ፎርሙ አናት ላይ በቀይ «ይህ ቁጥር ተመዝግቧል» ይላል፣ የገባው ስምም የትም አይቀመጥም። በቤቱ ትልቅ ስክሪን ሞከርኩት። ቀዩ ከላይ ታየ፣ ቁልፏም ስለተነካች ብቻ ከታች አረንጓዴ ሆነች። ጋሼ ዋቁማ «ጎበዝ» አሉኝ። በስልክ አልሞከርኩትም። የኖፓ ሰውም ትዝ አላለኝ። እኔ፣ ሁልጊዜ በሰው ስልክ ጓደኛዬን የማስጠራው፣ ትዝ አላለኝም።

ከሳምንት በኋላ ኢብሴ በጋሼ መሀመድ ስልክ ደወለች። «ተመዘገብኩ! ጋሼ መሀመድ ናቸው የሞሉልኝ። አረንጓዴ ሆነች!»

ከወንበሬ ዘልዬ ጮህኩ። ዝርዝሩ በቀጥታ ለማኅበሩ ስለሚሄድ እኔ አላየውም፤ አረንጓዴዋን አመንኩ።

ሐኪሞቹ ሰኞ ገቡ። ሰው የሚጠራው በተራ በስልክ ነው። ሰኞ አልመጣችም፣ ተራዋ አልደረሰም አልኩ። ማክሰኞም፣ ረቡዕም፣ ሐሙስም እንደዚያው። ዓርብ ከሰዓት ሆስፒታሉ ግቢ ሄጄ የማኅበሩን ሴትዮ ጠየቅኳቸው። ዝርዝሩን ገለጡ።

«ከኖፓ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው። ሽማግሌ ናቸው፣ ሰኞ ታይተዋል።»

«ኢብሴስ?»

«ኢብሴ የምትባል የለችም።»

የሽማግሌውን ስልክ ቁጥር አየሁት። የጋሼ መሀመድ ነው። ያኔ ገባኝ። ቆሜ እያለሁ የሐኪሞቹ መኪና ዕቃ ጭኖ ወጣ። ሮጬ የኋላውን መስኮት መታሁት፤ ሹፌሩ የሚሰናበት ሰው መስሎት እጁን አወዛወዘልኝ።

ቅዳሜ ኖፓ ሄድኩ። ጋሼ መሀመድ ከሩቅ አዩኝ።

«ሊቺ! ሐኪሞቹ መቼ ነው የሚጠሩን? ሽማግሌውን ብቻ ጠርተው ዝም አሉ። እኔ ስልኬን አንዴም አላጠፋሁ፣ መስጊድ እንኳ ስገባ ለልጄ ሰጥቼ ነው።»

ከባንኮኒው ሥር ደብተር አወጡ። ሃያ ሦስት ስም፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ከነካርድ ቁጥሩ። አንዳንዱ ከሁለት ሰዓት መንገድ በእግሩ መጥቶ የተመዘገበ ነው። «ሁሉንም እኔ ነኝ የሞላሁት። አረንጓዴ ሳትሆን ማንንም አልሸኘሁም።»

«እስቲ ያሳዩኝ ጋሼ።»

ሞሉ፣ ነኩ። ቁልፏ አረንጓዴ ሆነች። «ይኸው!» አሉ።

ስክሪኑን በጣቴ ወደ ታች ሳብኩት። ከአናቱ ቀዩ ጽሑፍ ወጣ። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡት።

«ይቺ መቼ መጣች?»

«ሁሌም ነበረች። ላይ ስለሆነች ነው።»

«ላይ ማን ያያል? ቁልፏ እኮ ታች ናት።» ወደ ደብተሩ ዞሩ። «ሃያ ሁለቱስ?»

«የሉም ጋሼ። አልተመዘገቡም።»

«አንቺ ነሽ የሠራሽው?»

«ኤዬ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ። ደብተሩን ዘጉት። «ለልጅቷ አንቺው ንገሪ። ለሌሎቹ እኔ እዞራለሁ።»

ኢብሴ ሦስት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። እግሯ አብጧል። ከአልጋዋ በላይ ሚስማር ላይ ፌስታል ተሰቅሏል፤ ለአዲስ አበባ የታጠበ ልብሷ ነው።

«መጣሽ! ደወሉ እንዴ?»

ነገርኳት። አንድም ነገር አላስቀረሁም። እናቷ እትዬ ቀኖ አማርኛ ብዙም አይሰሙም፣ የሁለታችንን ፊት እያፈራረቁ ያያሉ።

ኢብሴ ቀና ብላ ፌስታሉን አየች። «ቀዩዋ ጽሑፍ ትንሽ ነበረች?»

«ትንሽ ነበረች።»

«ለምን?»

«ትልቅ ስትሆን የፔጁን መልክ ታበላሽ ነበር።»

መሳቅ ጀመረች፣ ሳቋ ሳል ሆነ። ጀርባዋን ልደግፋት እጄን ስዘረጋ «ዲሲ፣ ተይኝ» አለች። እኔን እንደዚያ ብላኝ አታውቅም።

እትዬ ቀኖ በኦሮምኛ መንገዱ መቼ እንደሆነ ጠየቁ።

«አንቺ ንገሪያት» አለችኝ ኢብሴ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

ነገርኳቸው። ተነስተው ፌስታሉን ከሚስማሩ አወረዱ፣ ልብሱን አንድ በአንድ እያወጡ ሣጥን ውስጥ መለሱት።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ኢብሴ አረፈች። ለቅሶ ስሄድ ጋሼ መሀመድ ከድንኳኑ ጠርተው አወጡኝ፣ ስልካቸውን ሰጡኝ።

«ፔጁን አስተካክለሽዋል?»

«አስተካክያለሁ። አሁን በአንድ ስልክ የፈለገው ሰው ይመዘገባል።»

«አሳዪኝ።»

ሆን ብዬ ስሙን ባዶ ትቼ ቁልፏን ነካኋት። አረንጓዴ አልሆነችም። ከሥሯ ቀዩ ጽሑፍ በትልቁ ወጣ።

ዝናቡ ስክሪኑ ላይ ሲንጠባጠብ በእጅጌያቸው እየጠረጉ ብዙ አዩት።

«አሁን ይታያል» አሉና ስልኩን ኪሳቸው ከተቱት።