ጎታ ውስጥ ያለችው ተፈታኝ

«እግርሽን እጠፊ» አለች በለጡ፣ ልጇን አልታዬን በጎረቤቷ በሀጀራ ጎታ ውስጥ ቁልቁል እየከተተች። ዝናብ በመጥፋቱ ጎታው ከተራገፈ ሰንብቷል፤ እህል ቢኖርበት ኖሮ ልጅ የሚደበቅበት ቦታ ከየት ይገኝ ነበር? ሀጀራ ክዳኑን ገጠመችና ሰፌድ ጣል አደረገችበት።

አብዮት ጠባቂው በላይ ጠመንጃውን አንግቶ የበለጡን በር ያንኳኳው ገና አሁን ነበር። «አልታዬ ትፈለጋለች። ቶሎ ትምህርት ቤት ትምጣ» አለ። በለጡም አፏ እንዳመጣላት «ደጎሎ አክስቷ ዘንድ ሄዳለች» አለችው። ጀርባውን ሲሰጣት ልጅቷን በጓሮ አሹልካ ወደ ሀጀራ ቤት ሮጠች።

በዚያ በቀይ ሽብር ዓመት መካነ ሰላም ውስጥ «ትፈለጋለች» ሲባል ሰምታ ልጇን ለመደበቅ የማትሮጥ እናት አልነበረችም። የሀጀራ ልጅ ጀብሪል «ለአንድ ጥያቄ» ተብሎ እራቱን ሳይጨርስ ወጣ። ይኸው ክረምቱ አልፎ በጋው ገባ፣ የት እንዳደረሱት እንኳ የሚነግራት ጠፋ።

«አብሽሪ» አለች ሀጀራ። «እኔ ቤት ማንም አይመጣም። የነበረኝን ወስደዋል እኮ።»

በለጡ ግን መቀመጥ አልቻለችም። ሌሎቹን ልጆች ምን እያደረጓቸው እንደሆነ በዓይኗ ማየት ፈለገች። ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች።

በሩ ላይ አቧራ የጠጣ ላንድሮቨር ቆሟል፤ አጠገቡ አንድ የታጠቀ ሰው ሲጋራ ያጨሳል። እርምጃዋን ገታች። ልጆቹን የሚጭኑት በዚህ ነው ብላ አሰበች። በመስኮት አጮልቃ ስታይ ሦስት ወንድ ተማሪዎች ተራርቀው ተቀምጠዋል፤ አንድ ወንበር ባዶ ነው።

«አልታዬስ?» አላት የፊዚክሱ መምህር አሻግሬ፣ ከክፍሉ እየወጣ።

«ደጎሎ ናት።»

«እትዬ በለጡ፣ የመጡት እኮ ፈታኞች ናቸው። ፈተናው ለሚመጣው ሳምንት ነበር የተቀጠረው፤ መንገዱ እንዳይዘጋባቸው ፈርተው ዛሬውኑ ከደሴ ደረሱ። በሳይንስ የበረቱትን መርጠው አዲስ አበባ አዳሪ ትምህርት ቤት ያስገባሉ። እኛ ያቀረብነው አራት ልጅ ነው፤ ከአራቱ ደግሞ እሷን የሚደርስባት የለም።»

«ጀብሪልንም ለጥያቄ ነው ብለውት ነበር።»

መምህሩ ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔም እፈራለሁ። ግን እዚህ ከቀረች፣ ነገ ስሟ በምን እንደሚነሳ አላውቅም። ከዚህ ከተማ በደህና የምትወጣበት ሌላ መንገድ አይታየኝም። ጥቂት ላቆያቸው እሞክራለሁ።»

በለጡ ፊቱን መረመረች። እየዋሸ እንዳይሆን ሰጋች፤ የፈራ ሰው እንደሚዋሽ ከራሷ በላይ ማን ያውቃል? ግን በዚያ ዓመት «እፈራለሁ» ብሎ በአፉ የነገራት ሰው እሱ ብቻ ነበር።

«ደጎሎ አይደለችም» አለችው። «በሩን እንዳይዘጉት።»

ጎታው ሲከፈት አልታዬ ዓይኗ ብቻ ቀርቶ ሁለመናዋ አቧራ ሆኗል። ነገሩን ስትሰማ የጎታውን ከንፈር ጨብጣ ቀረች።

«እማዬ፣ ውሸት ቢሆንስ?»

በለጡ «አይደለም» ልትላት ፈለገች፤ ግን ልጇን መዋሸት አልሆነላትም። «አላውቅም ልጄ» አለቻት።

ሀጀራ በሻሿ ጫፍ የልጅቷን ፊት ጠረገች። «ሂጂ» አለች። «ለኔው ልጅ እንዲህ ያለ መውጫ ቢገኝለት፣ ወላሂ፣ በእጄ ገፍቼ አስወጣው ነበር።»

እናትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሮጡ። ክፍሉ በር ላይ በላይ ቆሟል። አልታዬን ከእግር እስከ ራሷ አያት።

«ከደጎሎ ቶሎ ተመለሰች» አለ።

ይቀልድ ይሁን ያስፈራራ ለእናቲቱ አልለየላትም። በለጡ፣ ፈታኙ ሰዓቱን እያየ ልጅቷን ባዶው ወንበር ላይ ሲያስቀምጣት፣ አልታዬም እርሳሷን ስታነሳ፣ በዓይኗ ተከተለቻት።

«እንግዲህ ቤትዎ ይሂዱ» አላት በላይ። «እስከ ማታም አይጨርሱ።»

«እሺ» አለችው። ነጠላዋን አወለቀችና ደፉ ላይ አነጠፈችው፤ ከመቃን እስከ መቃን እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ልጇን ይዞ በዚያ በር የሚወጣ ሰው ቢኖር፣ መጀመሪያ እሷን መርገጥ ነበረበት።