የፈንታነሽ ሦስት ጧፎች

ማናለሽ ከሞጣ ስትደውል ፈንታነሽ ቢቸና ቤቷ ጓሮ ተቀምጣ ሰም ታቀልጥ ነበር። ኑሮዋ ጧፍ መሥራት ነው። ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ ያዘችው።

«ልጄ እሑድ ሰማንያ ቀኗ ነው» አለች ማናለሽ። «ክርስትና እናቷ አንቺ ነሽ ብያለሁ፤ ቃልሽን እንዳታጥፊ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። የእኛ ደብር ቄስ፣ አባ ወልደ ኪዳን፣ ክርስትና የሚያነሣውን ሰው ቀድመው ይጠይቃሉ። ባለፈው አንዱን አናጢ ሄደህ ተማር ብለው መለሱት።»

«ምን ጠይቀውት?»

«ስለ ሥላሴ። ሦስት ሆነው እንዴት አንድ እንደሆኑ።»

«እኔንማ ደጅ ላይ ነው የሚመልሱኝ።»

«አትቀልጂ እባክሽ። ጠላው ተጠንስሷል፤ አማቴም ከገጠር እየመጡ ነው።»

ፈንታነሽ እየቀለደች አልነበረም። የራሷን ሦስት ልጆች ያሳደገችው ዝናብ መታቸው፣ ውሻ ነከሳቸው እያለች ስትባንን ነው። አሁን ደግሞ ገና ዓይኗን ያላየችው ሕፃን በእሷ አላዋቂነት ቀኗ ሲያልፍባት ታያት። የንስሐ አባቷን እንዳትጠይቅ አፈረች። ዕድሜ ልኳን ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ስታቀርብ ኖራ ዛሬ ሥላሴን አላውቅም ልትል ነው?

በዚያ ሳምንት የጎልማሶች ትምህርት ክፍል ገብታ የመደመር ልምምዷን ከጨረሰች በኋላ፣ ከሥር ባለው ባዶ መስመር ላይ አንድ ሲደመር አንድ ሲደመር አንድ፣ እኩል ይሆናል አንድ ብላ ጻፈች። እያየችው ልታስብበት ነበር። አስተማሪዋ ሪሃብ ደብተሩን ስትሰበስብ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረገችበት።

«እትዬ ፈንታነሽ፣ ትናንት ደኅና አድርገው ደምረው አልነበር?»

«እሱኮ የሒሳብ አይደለም፤ የሃይማኖት ነው።»

ሪሃብ ደብተሩን መልሳ አየችው፤ ሳቋ አመለጣት። «ይቅርታ እትዬ፤ ይኸ ከእኔ ሥልጣን በላይ ነው» አለችና ከኤክሱ አጠገብ «ለቄሱ ይቅረብ» ብላ ጻፈችበት።

መልሱ የመጣላት ሐሙስ ዕለት፣ የተሠሩትን ጧፎች ስትፈትሽ ነው። ሦስቱን ባንድ እጇ ይዛ ለኮሰቻቸው። ጧፎቹ ሦስት፣ ነበልባሉ አንድ። ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ሦስት ቀጥ ያሉ ጧፎች መርጣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና ቅዳሜ ጠዋት የሞጣን ሚኒባስ ያዘች።

«የምን ሰም ነው የሚሸተኝ?» አሉ አጠገቧ የተቀመጡት ሽማግሌ።

«ጧፍ ነው አባቴ።»

«ስለት አለብሽ?»

«ፈተና ነው ያለብኝ።»

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ። «በእኛ ጊዜ በእርሳስ ነበር የሚፈተኑት» አሉ።

አባ ወልደ ኪዳንን ከሰዓት በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኟቸው። ማናለሽ ሕፃኗን ታቅፋ ራቅ ብላ ቆመች። ፈንታነሽ መስቀል ተሳለመች፤ ጥያቄውም ሳይጠየቅ ቋጠሮዋን ፈታች።

«አባ፣ በቃል ከምናገረው ላሳይዎት።»

ጧፎቹን አንድ ላይ ይዛ ክብሪት ጫረች። አንድ ነበልባል ቦግ አለ። «ይኸው፤ ሦስት ናቸው፣ አንድ ናቸው» አለች።

«ለያዪያቸው እስቲ።»

ሳታስብ ለያየቻቸው። ሦስት ነበልባል ሆኑ። አባ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ነፋስ መጣና አንደኛውን እልም አደረገው።

ፈንታነሽ የጠፋውን ጧፍ አፍጥጣ አየችው። «አባ፣ እኔ አይደለሁም፤ ነፋሱ ነው» አለች። ሰሙ ጣቷ ላይ ይንጠባጠባል፤ አልተሰማትም።

ማናለሽ በነጠላዋ አፏን ያዘች። አባም ጢማቸውን ጨብጠው ሊኮሳተሩ ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ።

«አይዞሽ ልጄ። ሥላሴን ነፋስ አያጠፋቸውም። ቀድሞ ለየብቻ ነበሩ፣ ኋላ ተገናኙ እንዳይባል ነው ለያዪያቸው ያልሁሽ። ሥላሴ ተለያይተው አያውቁም። ምሳሌ ሁሉ እንዲህ አንድ ቦታ ላይ ይጎድላል። አባቶች ለራሳቸው ምሳሌ እንኳ ዘየሐጽጽ፣ የሚያንስ፣ ይሉታል። በይ ጧፉን አስቀምጪውና ንገሪኝ፤ ለዚች ልጅ መጀመሪያ ምን ታስተምሪያታለሽ?»

ለዚህ አልተዘጋጀችም። እሷ ልጆቿን መጀመሪያ ምን እንዳስተማረች አስታወሰች።

«ማማተብ» አለች። እጇን ወደ ግንባሯ አነሣች። «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ እላለሁ፤ ሦስቱን በስማቸው እጠራለሁ። ከዚያ አሐዱ አምላክ እላለሁ። አምላኮች አልልም። እንዴት እንደሆነ ግን አባ፣ ልዋሽዎት አልችልም፤ አላውቀውም። አምነዋለሁ እንጂ አልጨበጥሁትም።»

ፈንታነሽ የአናጢው ዕጣ ደረሰኝ ብላ ለመሄድ ነጠላዋን ማጣፋት ጀመረች።

«አናጢው» አሉ አባ፣ «ሁሉ ገብቶኛል ብሎኝ ነበር። ለዚያ ነው የመለስሁት። እኔ ሠላሳ ዓመት መጽሐፍ ገልጬ፣ በአካል ሦስት በመለኮት አንድ ብዬ አስተምራለሁ። ጨብጬዋለሁ ያልሁ ዕለት ግን ሌላ ነገር ነው የጨበጥሁት። ነገ በጠዋት ልጅቱን ይዘሽ ነይ።»

ማናለሽ ከኋላ እልል ልትል ከጅሏት የታቀፈቻት ሕፃን እንዳትባንን ብላ ዋጠችው።

በማግስቱ ፈንታነሽ ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ምዕራብ ዞራ ሰይጣንን ካደች፤ ወደ ምሥራቅ ዞራ ሃይማኖቷን መሰከረች። ቃሉ አልጠፋትም። አባ ልጅቱን ሦስት ጊዜ ውኃ ውስጥ ሲያጠልቋት ጩኸቷ አጥሩን አልፎ ተሰማ። ወለተ ኢየሱስ ተባለች።

«ታስተምሪያታለሽ?» አሉ አባ ሕፃኗን ሲመልሱላት።

«አስተምራታለሁ። እንዴት ብላ ስትጠይቀኝ ግን ወደ እርስዎ ነው የምልካት።»

«ላኪያት። በዚህ ድምፅዋማ ጠያቂ ነው የምትሆን።»

ፈንታነሽ ልጅቱን በነጭ ጋቢ ጠቀለለቻት። ብርድ እንዳይመታት ደግሞ የራሷን ነጠላ ደረበችላት፤ ከዚያም ትንፋሿ ታፈነ ብላ ሠጋችና አፍንጫዋን ገለጠችላት።