ቡፌውና ሁለቱ ምድቦች

በእነየሺወርቅ ዘመዶች ዘንድ ውርስ ሲካፈሉ ታላቅ ይመድባል፣ ታናሽ ይመርጣል። መዳቢው ምርጫው የሌላው መሆኑን ስለሚያውቅ ሚዛኑን አያዛባም።

የአባታቸው ተዝካር በወጣ ማግስት ታላቅ ወንድሟ ሰብስቤ፣ ዳባት ባለው የአባታቸው ቤት፣ በሽማግሌዎች ፊት ንብረቱን መደበ። በአንድ በኩል ቤቱን ከነጓሮው አደረገ፤ በሌላው አምባ ጊዮርጊስ መንገድ ዳር ያለውን ሱቅ። የአያታቸውን የሀብተ ሚካኤልን ቡፌ ግን ከወገቡ ቆርጦ ላዩን መስታወታሙን ክፍል ከቤቱ ጋር፣ ታቹን ባለመሳቢያውን ከሱቁ ጋር ሊያደርግ አስቧል። መጋዝም ይዞ መጥቶ ግድግዳው ላይ አስደግፎታል። ደባርቅ ለቱሪስት የከፈተው ፔንሲዮን ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለሆነ ሙሉው ቡፌ አይገባለትም፤ የትኛውም ግማሽ ቢደርሰው ለእንግዳ መቀበያው ይበቃዋል።

የሺወርቅ መቀመጥ አቃታት። ደባርቅ ውስጥ በርና መስኮት የምትሠራ አናጢ ናት። ሙያውን ስትጀምር የተማረችው ይህን ቡፌ አየት፣ ዳሰስ እያደረገች ነው። አንድ ምስማር የለበትም። አሁን ዙሪያውን ትዞራለች፣ ትጎነበሳለች፣ ተመልሳ ትዞራለች።

“አንቺ ልጅ፣ አረፍ በይ እንጂ! ቁንጫ አለብሽ እንዴ?” አሏት አክስቷ እትዬ ማንጠግቦሽ።

አላረፈችም። የላይኛውን መሳቢያ መዝዛ አወጣችና ክንዷን እስከ ብብቷ አስገባች። ጣቶቿ የጽድ እንጨቱን ቋሚ ይዘው ወደ ላይ ሄዱ። ሁሉም መጋጠሚያ አለ በሚለው ቦታ መጋጠሚያ የለም። በውጭ ወገቡን የዞረው ክፈፍ ለጌጥ የተለጠፈ ነው። ቋሚዎቹ ከእግሩ እስከ አናቱ አንድ ወጥ ናቸው፤ መደርደሪያዎቹ ጫፋቸው እንደ ምላስ ተጠርቦ እነሱ ውስጥ ገብቷል፣ በወይራ ችንካርም ተጠርቅሟል።

“መምሬ፣ ይኼ ሁለት ዕቃ አይደለም” አለች ዞር ብላ። “ከተቆረጠ ላዩም ታቹም ይላላል። የሚደርሰን ማገዶ ነው።”

የሽማግሌዎቹ አለቃ መምሬ ቃለ አብ ተነሥተው እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደዱ። ዳሰሱ፣ ቆዩ።

“እውነቷን ነው። ሰብስቤ፣ የማይመደበውን መድበሃል፤ ምድብህ ፈርሷል። መዳቢ ሲስት መዳቢነቱ ለሌላው ያልፋል። እንግዲህ አንቺ መድቢ፣ እሱ ይምረጥ።”

ሰብስቤ ሳቀ። “ይሁን! ቡፌው ካለበት ነኝ፤ ከወዲሁ እወቂው።”

“ወስደህስ ጋሼ?”

“እቆርጠዋለሁ። ማገዶ ይሆናል የምትዪው ምስማር ከመፈጠሩ በፊት ነው፤ የላላውን በምስማር እመታዋለሁ።”

የሺወርቅ መጋዙን አየችው። “ቡፌው ከሱቁ ጋር፣ ቤቱ ለብቻው” አለች።

ሰብስቤ ቡፌው አጠገብ ቆሞ ክፈፉን በአውራ ጣቱ ያሻል። ልቡ የሄደበትን ነገር ሁሉ እንዲህ እንደሚያሽ ከልጅነቱ ታውቃለች። አፉን ሊከፍት ሲል ቀደመችው።

“አልጨረስኩም። ሱቁም ወደ ቤቱ ይሂድ። ቡፌው ለብቻው።”

“በስመ አብ!” አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ። “አበድሽ? ሳህን የምትደረድሪበት አገኘሽ፤ ሳህኑን የት ቁጭ ብለሽ ልትበዪበት ነው?”

“ልጄ፣” አሉ መምሬ፣ “እሱ ከመረጠ በኋላ መመለሻ የለውም።”

“አውቃለሁ አባቴ።”

የሰብስቤ አውራ ጣት ቆመ። ወደ በሩ ሄዶ ጓሮውን አየ። ተመልሶ የቡፌውን መስታወት ከፈተ፣ ዘጋ፣ ደግሞ ከፈተ። የሺወርቅ ነጠላዋን በጣቷ ትጠመዝዛለች፣ ትፈታለች።

“ታሾፊብኛለሽ?”

“ምረጥ።”

“ቤቱና ሱቁ” አለ ሳያያት።

ሽማግሌዎቹ መረቁ። ሰብስቤ ወዲያው ኀፍረት ቢጤ ያዘው። “እስክትወስጂው እዚሁ ይቀመጥ። ማን አባረረሽ?”

መጋዙ አሁንም ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ ነው። “ዛሬ እወስደዋለሁ” አለች።

ጎረቤቶች ተሸክመው አስፋልቱ ዳር አቆሙላት። በሰሜን ተራሮች በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። የሚኒባስ ረዳቶች እያለፉ ይስቃሉ፤ “እታለም፣ ለሱም ወንበር እንያዝለት?” በመጨረሻ ባዶ ጆንያ የጫነ አይሱዙ ቆመላት። ቡፌውን ጆንያ ላይ አስተኝተው በገመድ አሰሩላት፤ እሷም ከኋላ ወጥታ መስታወቱን በሰውነቷ ከለለች።

መኪናው ሲንቀሳቀስ እጇ አላርፍ ብሎ የቡፌውን ጎን በስንዝር ለካች። ወደ ታች ደግማ ለካች። ደባርቅ ያለው የእንጨት ሥራ ቤቷ በር ከዚህ ይጠብባል። ያን በር የሠራችው ራሷ ናት፤ ሌባ እንዳይነቅለው መቃኑን ከግድግዳው ጋር አጥብቃ ያሰረችውም እሷው።

የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ መስታወቱ ላይ አረፈ። ነጠላዋን ከላይዋ ገፍፋ ሸፈነችው፤ ከዚያም መቃኑ በየት በኩል እንደሚነቀል ታስብ ጀመር።