ረቡዕና ዓርብ ቤቱ የማይበላ ባል

ፖሊካርፕ ኢሄናቾ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲሚንቶ ሲሸት የኖረ ሰው ነው። የአገሩ የምባይሴ ቤተ ክርስቲያን ከመሠረቱ እስከ ደወሉ ማማ ድረስ የቆመው እሱ በሚያመርተው ብሎኬት ሲሆን ግማሹንም በነጻ ነው የሰጠው። ይሁንና እሑድ እሑድ የቅዱስ ማርቲን ፈረሰኞች የሚባሉት የቤተ ክርስቲያኑ ባለማዕረግ ምእመናን ካባቸውን ደርበው፣ ሰይፋቸውን ታጥቀው፣ ባለ ነጭ ላባ ባርኔጣቸውን በክንዳቸው አቅፈው ሲገቡ ምእመኑ ሁሉ ብድግ ይላል። ፖሊካርፕም በሩ አጠገብ ካለችው አግዳሚ ላይ አብሮ ብድግ ይላል። እነሱ "ሰር ሃያሲንት"፣ "ሰር ቦኒፌስ" ይባላሉ። እሱ ሲያልፍ ግን "ያ የብሎኬቱ ሰውዬ" ነው።

"ፈረስ እንኳ የሌላቸው ፈረሰኞች!" ትል ነበር ሚስቱ ዩካሪያ። "ሰር ቦኒፌስማ ከሞተር ሳይክል ላይ ወድቀው አይደል እግራቸው የተሰበረው?"

አፏ እንዲህ ይበል እንጂ የፈረሰኛ ሚስት "ሌዲ" እንደምትባል ታውቃለች። አንድ ቀን ፖሊካርፕ በመጋረጃው በኩል ሲያልፍ መስተዋቱ ፊት ቆማ "ሌዲ ዩካሪያ፣ እንዴት አደሩ?" ስትል ሰምቷታል። "እግዚአብሔር ይመስገን" ብላም ለራሷ መልሳለች።

ሃምሳ ሰባት ዓመት ሲሞላው ፈረሰኛ ለመሆን አመለከተ። የፈታኞቹ አለቃ ሰር ሃያሲንት፣ ጡረታ የወጡ የፍርድ ቤት ጸሐፊ፣ በረንዳቸው ላይ አስቀምጠው አንዲት ስስ መጽሐፍ ሰጡት።

"አንደኛው ገጽ ፈረሰኛ አይዋሽም ይላል። እሱ ቀላል ነው" አሉት። "ከባዱ አራተኛው ገጽ ነው። ስድስት ሳምንት፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ከንጋት እስከ ማግስቱ ንጋት፣ ከውኃ በቀር ምንም አትቀምስም። መጾምህንም ለማንም አትናገርም። ጌታችን ስትጾም ራስህን ተቀባ፣ ፊትህንም ታጠብ ብሎ የለ? ለአንድ ሰው ከተናገርክ ወይም ከገደፍክ ከአንድ ትጀምራለህ። ጳጳሱ ደግሞ ትከሻ በሰይፍ ነክተው ፈረሰኛ ለመሾም የሚመጡት በሁለት ዓመት አንዴ ነው።"

"ገባኝ፣ ሰር።"

"በመጨረሻው ዓርብ ሚስትህ እኛ ፊት ቆማ ስለ አንተ ትመሰክራለች። ሚስቱ ያልመሰከረችለትን ሰው ሰይፍ አይነካውም።"

"ኧረ በሚስቴ በኩል ችግር የለም!" አለ ፖሊካርፕ።

በምባይሴ ባል ሚስቱን ሊያኮርፍ ይችላል። ሊጮኽ፣ ሳሎን ሊተኛም ይችላል፤ እንደ ዝናብ ነው፣ ያልፋል። የሚስቱን ምግብ አልበላም ማለት ግን ክስ ነው። ወይ መርዘሽኛል ማለት ነው፣ ወይ በድለሽኛል፣ ወይም ሌላ ቤት የተጣደ ድስት አለኝ። ይህን በዚያ አገር ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ፖሊካርፕም ያውቀው ነበር። የሚያውቀውን የረሳው "ሰር" መባል ስላጓጓው ነው።

የመጀመሪያው ረቡዕ ማታ ዩካሪያ የኦሃ ቅጠል ወጥ ከፉፉ ገንፎ ጋር አቀረበችለት።

"ዛሬ አልበላም" አላት።

"አሞሃል?"

አሞኛል ሊላት ሲል አንደኛው ገጽ ትዝ አለው። "ኧረ አላመመኝም።"

"ጠግበህ ነው?"

"አልጠገብኩም።"

"እና?"

"እንዲሁ።"

ዩካሪያ ሳህኑን ከድና አነሳች። ዓርብም እንዲሁ ሆነ። በዚያ ላይ ፖሊካርፕ ወንጌሉን በትክክል ለመፈጸም ኦዌሪ ገበያ ሄዶ ሽቶ ገዛ። ረቡዕና ዓርብ ጠዋት ፊቱን በሳሙና ታጥቦ፣ ራሱን ተቀብቶ፣ የጠወለገ እንዳይመስል እያፏጨ ይወጣል። ሠላሳ ዓመት ሲሚንቶ የሸተተ ባል በሳምንት ሁለት ቀን ጽጌረዳ ሸተተ። በሳምንት ሁለት ቀንም ቤቱ አልበላ አለ። በዚያ አገር ረቡዕና ዓርብ ሙሉ ቀን መጾም አልተለመደምና ጾም ይሆናል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

በሦስተኛው ሳምንት ታላቅ እኅቱ ዳ ፍሎሬንስ ከባሏ አገር ድረስ ተጠርታ መጣች። ጃንጥላዋን ሳታስቀምጥ ጀመረች።

"ማን ናት?"

"ማን ማን ናት?"

"ረቡዕና ዓርብ የምታበላህ!"

"ማንም አታበላኝም፣ ዳ ፍሎሬንስ።"

"ታዲያ ሽቶው ለብሎኬቱ ነው?"

ዩካሪያ በሩ ላይ ተደግፋ እጇን አጣምራለች።

"ሌላ ቤት እንደማትበላ ማልልኝ" አለች እኅቱ።

"በእናታችን መቃብር እምላለሁ።"

"እሺ፣ ለምን የሚስትህን አትበላም?"

"መናገር አልችልም።"

"አየሽልኝ ዩካሪያ!" ዳ ፍሎሬንስ በጃንጥላዋ ወለሉን መታች። "ስሟ የማይነገር ሴት ናት። ወይ ባል አላት፣ ወይ ደግሞ ያቺ ለቄሱ የምታበስለዋ ናት!"

"ኧረ ተይ! እሷ እኮ ሰባ ዓመቷ ነው!"

"ዕድሜዋን በምን አወቅኸው?"

በማግስቱ ፖሊካርፕ ሰር ሃያሲንት በረንዳ ላይ ነበር። "ለእሷ ብቻ ልንገራት፣ ሰር። ለአንድ ሰው ብቻ።"

"ትችላለህ" አሉት። "ከዚያ የዛሬ ሁለት ዓመት እንገናኛለን።"

"እርስዎ በጾሙበት ጊዜ ባለቤትዎ ምን አሉ?"

ሰር ሃያሲንት ፊታቸውን ወደ ማንጎ ዛፋቸው አዞሩ። "መጽሐፉ ላይ ያለውን ነግሬሃለሁ" አሉ።

ፖሊካርፕ ጥርሱን ነክሶ ቀጠለ። ዩካሪያም ማብሰሏን አላቆመችም። ረቡዕና ዓርብ ሌላ ጊዜ ከምታበስለው አብልጣ ታበስላለች፣ ታቀርባለች፣ ትከድናለች፣ ታነሳለች። መነጋገር ቀርቷል። አንድ ዓርብ ጠዋት ብቻ፣ ሲያፏጭ ሰምታ፣ "ለእሷም ሰላም በልልኝ" አለችው።

የመጨረሻው ዓርብ ደረሰ። አመሻሹ ላይ አምስት ፈረሰኞችና ወጣቱ ቄስ አባ ኡጎ በሰበካው አዳራሽ ረጅም ጠረጴዛ ኋላ ተቀመጡ። ፖሊካርፕ ፊት ለፊታቸው ነጭ ልብስ ለብሶ፣ ሽቶውን ተቀብቶ፣ ባዶ ሆዱን በእጁ ይዞ ተቀምጧል። እስከ ንጋት የቀረው አንድ ሌሊት ነው፤ ጳጳሱም በሚመጣው ሳምንት ይደርሳሉ። ዩካሪያ የእሑድ ልብሷን ለብሳ፣ ሻሿን ከፍ አድርጋ አስራ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ድስት ታቅፋ ገባች።

"እናታችን፣ ባልሽ ቤቱን የሚያከብር ሰው ነው?" ብለው ጠየቁ ሰር ሃያሲንት።

"ማክበሩን እንጃ፣ ሰር። ቤቱ ግን አይበላም።"

አምስቱም ፈረሰኞች አንድ ላይ ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ጣሪያው ላይ የሚታይ ነገር አልነበረም።

"ስድስት ሳምንት!" አለች ዩካሪያ። "ረቡዕና ዓርብ! ሽቶ ተቀብቶ! እያፏጨ! አሞሃል ስለው አላመመኝም፣ ጠግበሃል ስለው አልጠገብኩም ይለኛል። እኔ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት ያበሰልኩ ሴት ነኝ።" ድስቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ከፈተችው። የኦሃው ሽታ አዳራሹን ሞላው፤ አንደኛው ፈረሰኛ ምራቁን ሲውጥ ተሰማ። "ሌላ ነገር አልጠይቅም። እናንተ ፊት ይብላልኝ። ከበላ እመሰክርለታለሁ። ካልበላ ነገ ወደ አባቴ ቤት እሄዳለሁ።"

ፖሊካርፕ ሰር ሃያሲንትን አየ። ሰር ሃያሲንት መዝገባቸው ላይ አቀረቀሩ። አባ ኡጎ ወረቀት ያገላብጣሉ።

ቀጥሎ ሚስቱን አየ። የድስቱን ክዳን እንደ ጋሻ ደረቷ ላይ ይዛ ዓይን ዓይኑን ታያለች። ስድስት ሳምንት ሙሉ የተናደደች መስሎት ነበር፤ ለካ ፈርታ ኖሯል።

እጁን ታጠበ። ፉፉውን ቆረሰ፣ አድቦለቦለ፣ ወጡ ውስጥ ነክሮ ዋጠ።

"ምነው! ምነው!" ብለው ጮኹ ሰር ቦኒፌስ። በዕድሜ ብዛት ምስጢርና ወሬ ይምታታባቸዋል። "ዛሬ ዓርብ አይደለም እንዴ? ሰውዬው ጾሙን ገደፈ እኮ!"

ዩካሪያ ቀስ ብላ ዞረች። "የምን ጾም?"

ፈረሰኞቹ ሰር ቦኒፌስን በክርናቸው ጎሸሙ።

"ረቡዕና... ዓርብ?"

"አዎ" አለ ፖሊካርፕ ጣቱን እየጠረገ።

"ሽቶውስ?"

"ራስህን ተቀባ ይላል።"

"ፉጨቱስ?"

"አትጠውልጉ ይላል።"

"እና 'ጾም ላይ ነኝ' ማለት አቅቶህ ነው?"

"ለማንም አትናገር ይላል።"

"እኔ ማንም ነኝ?"

ፖሊካርፕ ስሷን መጽሐፍ ከኪሱ አውጥቶ አራተኛውን ገጽ ገለጠ። ሰር ሃያሲንት ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "የሰር ቦኒፌስ ባለቤት ሦስት ሳምንት አባቷ ቤት ነበረች" አሉ ቀስ ብለው። "የእኔዋ ደግሞ አራት ወንድሞቿን ጠርታብኛለች።"

"ታዲያ ለምን አላስጠነቀቁኝም?" አለ ፖሊካርፕ።

"ምስጢር ነዋ!"

ዩካሪያ ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ወይኔ! ሌዲነቴን በገዛ እጄ ቀቀልኩት!"

የፖሊካርፕ እንባ መፍሰስ ጀምሮ ነበር። መጀመሪያ በአንድ ዓይኑ፣ ከዚያ በሁለቱም፤ በጉንጩ ወርዶ ነጩን ልብሱን አረጠበው። አባ ኡጎ ይህን ሲያዩ ብድግ አሉ።

"ወንድሞቼ፣ ተመልከቱ!" አሉ ድምፃቸው እየተሰበረ። "ስንት ሱባኤ መርቻለሁ። እንዲህ ያለ የጸጸት እንባ ግን አላየሁም። አንድ ጉርሻ ነው የበላው፣ እሱንም ትዳሩን ለማዳን ሲል ነው። እኔ ይለፍ እላለሁ!"

ፈረሰኞቹ ተያዩ። አንዱ ራሱን ነቀነቀ፤ ሌላውም ተከተለው። ሰር ሃያሲንት መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። "እውነትም" አሉ። "ልብ የሚሰብር ነው። እኔም ይለፍ ብዬ—"

ፖሊካርፕ ዩካሪያን አየ። ዩካሪያም አየችው። ሁለቱም ያውቃሉ። ዝም ማለት ብቻ ነበረበት። መዋሸት አይጠበቅበትም፣ ዝም ካለ ይበቃል፤ በሚመጣው ሳምንት "ሰር ፖሊካርፕ" ይባላል። አፍንጫውን በእጀታው ጠረገ።

"አባ" አለ፣ "ቃሪያው ነው።"

"ምን አልክ፣ ልጄ?"

"እንባው። ከቃሪያው ነው።"

"አብዝቼዋለሁ" አለች ዩካሪያ አንገቷን ደፍታ። "ሆን ብዬ ነው። ትንሿን፣ ቀይዋን፣ አንድ እፍኝ።"

ሰር ቦኒፌስ ድንገት ሳቃቸው አመለጣቸው። ሌሎቹም ሊያዝኑ ሞክረው አልቻሉም፤ አባ ኡጎ ብቻ ቀልተው ተቀመጡ። ሰር ሃያሲንት ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

"አንደኛውን ገጽ እንዲህ ያለፈ ሰው አይቼ አላውቅም" አሉ። "አራተኛውን ግን ወድቀሃል። ሕግ ሕግ ነው፣ ወንድሜ። የዛሬ ሁለት ዓመት።"

"እሺ፣ ሰር" አለ ፖሊካርፕ። ከዚያ፣ ጾሙ እንደሆነ አንዴ ፈርሷል፣ ድስቱን ወደ ራሱ ሳበና ሁለተኛውን ጉርሻ አድቦለቦለ።

ሰር ሃያሲንት መዝገቡን ሊዘጉ ሲሉ ዩካሪያ ተነሳች።

"ምስክርነቴስ?"

"ለዘንድሮ አያስፈልግም፣ እናታችን።"

"በላ አይደል? ቃሌን ሰጥቻለሁ። ይጻፍ፤ ቤቱ የሚበላ ሰው ነው፣ ሚስቱንም ያከብራል።"

"በሁለት ዓመት ተመልሰሽ ስትመጪ ያኔ እንጽፈዋለን።"

"አሁን ይጻፉት፣ ሰር" አለች ዩካሪያ። "የዛሬ ሁለት ዓመት በሌላ ነገር ተናድጄበት ሊሆን ይችላል።"

ሰር ሃያሲንት መዝገቡን መልሰው ገለጡና የብዕራቸውን ክዳን ከፈቱ።